ከጁባ ያልመጣ ሹራብ

ቱሉ ዲምቱ
ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ጋሼ፣

እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎ ተሻለዎት? የደብረ ብርሃን ውርጭ ዘንድሮ ጨክኗል ሲሉ ስሰማ አሳብ ይዞኝ ነው የሰነበተው። ጆሮዎ ስልክ አልሰማ ካለ ወዲህ ድምፅዎ ቢናፍቀኝም፣ በአውቶቡስ የላኩልኝ የሱፍ ክር በሰላም ደርሶኛል። እጅዎ ይባረክ። እኔ፣ ክብር ለእሱ ይሁን፣ ደህና ነኝ። አቃቂ የገባሁበት የብረት ሥራ ቤትም እስካሁን አልጠላኝም። ላሜራ ስቆርጥ እውላለሁ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እጄን ታጥቤ እወጣለሁ።

ደስታውን ላስቀድምልዎ። እህቴ እምነት ኅዳር 17 ቀን ማክሰኞ በሰላም ተገላገለች። ወንድ ነው። እልልታውን ሰባት ጊዜ ያቀለጠችው ምድር ቤት ሱቅ ያላት ጎረቤታችን ሐጀራ ናት፤ ከሥራ ስደርስ ከደረጃው ሥር ጠብቃ አጎት መሆኔን የነገረችኝም እሷው ናት። ሕፃኑን ሊያስታቅፉኝ ሲያቀርቡልኝ ላሜራ የለመደው እጄ ሻካራ መስሎ ታየኝና መዳፌን በሸሚዜ ጠረግኩ። ምንም አይመዝንም። ዓይኑን ገልጦ ለረጅም ጊዜ አየኝ። ጋሼ፣ ከብዙ ዓመት ወዲህ ሳይጠረጥር ያየኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው ብል አላጋነንኩም።

ስለ ጥርጣሬው ልንገርዎ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

እናታችን ስትሞት እምነት አሥራ አራት ዓመቷ እንደነበረና ያሳደግኳት እኔ እንደሆንኩ ያውቃሉ። ባሏን ዘካሪያስን ያገባችው ግን እኔ ከእርስዎ ጋር ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ሳለሁ ነው። ለእሱም ለእናቱም ወንድሜ ጁባ ይሠራል ብላቸው ነበር። የተፈታሁ ዕለት በር ላይ ተቀብላኝ፣ ቱሉ ዲምቱ ቤታቸው እስክንደርስ ድረስ ታክሲ ውስጥ ስለ ጁባ ስታስጠናኝ መጣች፤ ሙቀቱን፣ ወንዙን፣ በሕይወቴ አይቼው የማላውቀውን አሠሪዬን። እሺ አልኳት። አንድ ነገር ደግሞ ለመነችኝ፤ ሰው ባለበት ሹራብ እንዳልሠራ። ልክ ነበረች። እዚህ አካባቢ ያደገ ሰው ሹራብ የሚሠራ ወንድ ሲያይ የት እንደተማረው አይጠይቅም፤ እስር ቤት መሆኑን ያውቃል።

እናም ዓመት ከመንፈቅ ክፍሌን ዘግቼ ስሠራ ኖርኩ። ልጁ ሲወለድ ግን ነገሩ ተለወጠ። ክርስትናው በአርባ ቀኑ ነው፤ ከዚያ በፊት ሹራብ፣ ኮፍያና ካልሲ ላደርስለት ፈለግኩ። ቤት ውስጥ ጊዜ የለም። ውኃ መቅዳት አለ፣ የአራስ ጠያቂ አይቋረጥም፣ ወንበር ሁሉ በእንግዳ ተይዟል። ለራሴ ያለኝ ጊዜ የታክሲው ሰልፍና መንገዱ ብቻ ነው፤ ከዚህ አቃቂ ደርሶ ለመመለስ አንዳንድ ቀን ሦስት ሰዓት ይበላል። የመጀመሪያ ቀን ከኋላ ወንበር ጥጉን ይዤ፣ ጃኬቴን ጭኔ ላይ ጣል አድርጌ ከሥሩ ሠራሁ። በሦስተኛው ቀን ጃኬቱን ተውኩት። የሹራብ ሽቦዎቹ እጄ ላይ ሲሆኑ እጄ አይንቀጠቀጥም፤ ይህን ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም።

ሰው እንዴት እንደሚያይ ልንገርዎ ብል ይስቁብኛል። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ቦርሳዋን ከአንዱ ጎኗ ወደ ሌላው አዞረች። ሹፌሩ በመስታወት እያየ ፈገግ ይላል። አንድ ጠና ያለ ሰውዬ ደግሞ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ ስንት ዓመት እንደቆየሁ ጠየቀኝ። ጁባ ማለትዎ ነው ወይ አልኩት። "እሺ፣ ጁባ ይሁን" ብሎኝ ወረደ።

አንዲት ልጅ በስልኳ ቀርፃኝ ኖሮ ቲክቶክ ላይ አወጣችው። ሐጀራ ናት ያሳየችኝ። ፊቴ ጥርት ብሎ ይታያል። ከሥሩ ከጻፉት ሰዎች ግማሹ "ተባረክ" ይላል፤ ግማሹ "የቃሊቲ ተመራቂ" እያለ ይስቃል። ሐጀራ ስልኳን እየመለሰች፣ እሷ ለማንም እንደማታሳይ፣ የዘካሪያስ እናት ግን ስልክ ከእጃቸው እንደማይለይ ነገረችኝ።

እናቱ ወይዘሮ ፈለቀች ይባላሉ፤ አራሷን ለመጠየቅ በየሁለት ቀኑ ይመጣሉ። በማግስቱ መጡ። ገንፎአቸውን በልተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩና "ጁባ ሙቀት ነው ይባላል። ሹራብ የሚሠራው ለማን ነው?" አሉኝ። ወደ ውጭ ይላካል አልኩ፤ ከዚያ የተሻለ አልመጣልኝም። እምነት ልጁን እንደታቀፈች አንገቷን ደፍታ ቀረች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁን ባቀፍኩት ቁጥር እሳቸው ተነሥተው ይቆማሉ። ርቦታል ይላሉ፣ ነፋስ ይመታዋል ይላሉ፣ ይቀበሉኛል። የሠራሁለትን ኮፍያም ክሩ ያሳክከዋል ብለው ከራሱ ላይ አወለቁት። እኔም በበኩሌ ሁሉንም መጠርጠር ያዝኩ። በሩን ስከፍት ወሬ ይቋረጣል። ዘካሪያስና እናቱ በረንዳ ላይ ቆመው በሹክሹክታ ያወራሉ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ከአልጋዬ ሥር ያለው ሻንጣ ዚፕ እኔ ከምተውበት አልፎ ተዘግቷል። የተፈታሁበት ወረቀት እኔ አራት አድርጌ ነበር የማጥፈው፤ ሁለት እጥፍ ሆኖ አገኘሁት። እንዲህ ያለውን ነገር ልብ ማለት ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

እናትየው መስለውኝ ነበር። ዘካሪያስ ነው። አመሻሹ ላይ ወደ ደረጃው ጠርቶኝ ራሱ ነገረኝ። ሻንጣህን ከፍቻለሁ፣ ይቅርታ አድርግልኝ፣ የእናንተ ውሸት ግን ይበልጣል አለኝ። ዘካሪያስ በክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት ፋይል ሲያገላብጥ የሚውል ሰው ነው፤ አይጮህም፣ ጎዶሎ ነገር ግን ይከነክነዋል። ነገርኩት። ከሠርግ ስንመለስ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ከአቃቂ ወጣ ብሎ ከሥራ የሚመለስ የፋብሪካ ጥበቃ ገጨሁ። ሰውየው ሞተ። መንጃ ፈቃድ ስላልነበረኝ ቅጣቱ ከበደ፤ አራት ዓመት ከስምንት ወር ታሰርኩ። መኪናው የማን እንደነበር ጠየቀኝ፤ የእምነት የክፍል ጓደኛ አልኩት። እሷስ የት ነበረች አለኝ፤ አጠገቤ አልኩት። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። መኪና ማንንም ያጋጥማል፣ ይህን ለመደበቅ ጁባ ድረስ መሄድ አልነበረባችሁም ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ያን ቀን እንዴት እንደቀለለኝ!

በሦስተኛው ቀን ግን እንደገና ጠየቀኝ። ስንት ሰዓት ነበር፣ ሰውየው ከየት በኩል ገባ፣ ስንተኛ ማርሽ ላይ ነበርክ። ሁሉንም መለስኩለት። በሳምንቱ ደግሞ ሌላ ወሬ አስመስሎ ያንኑ መልሶ አነሣው፤ እኔም ያንኑ መለስኩ። ያኔ ለፖሊስም ለዳኛም ስናገረው የኖርኩት ስለሆነ አንድ ቃል አይዛነፍም። እሱን የከነከነው ይሄ አለመዛነፉ ይመስለኛል።

ከትናንት ወዲያ ማክሰኞ ነው ነገሩ የሆነው። መብራት ጠፍቶ ከሥራ ቀደም ብዬ ተመልሻለሁ፤ ዘካሪያስም ለክርስትናው ዝግጅት ፈቃድ ወስዷል። ውኃ ከጠፋ ስምንት ቀን ስለሆነው የሕንፃው ነዋሪዎች ተባብረው በቦቴ ውኃ አስመጡ። የዘካሪያስ አሮጌ ዲኤክስ መኪና ግን የግቢውን መግቢያ ዘግታ ቆማለች። ቦቴው ጥሩንባውን ይነፋል፣ ጀሪካን የያዘው ሁሉ ይጮኻል። ዘካሪያስ ጺሙን ሊላጭ ፊቱን ሳሙና እንደተቀባ ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ብቅ አለና ቁልፉን ወረወረልኝ። "ቀናው፣ ሁለት ሜትር ወደኋላ ብቻ" ብሎ በስሜ ጠራኝ። ቸኩሎ ይሁን አስቦበት፣ እስካሁን አላውቅም።

ገባሁ። ቁልፉን ሳዞር መኪናዋ ወደፊት ዘለለችና ሞተሯ ጠፋ። ሰው ሳቀ። ደግሜ አዞርኩ፤ ደግማ ዘለለችና የቦቴውን መከላከያ ልትነካ አንድ ስንዝር ቀራት። ላብ አጠመቀኝ። ቀና ብዬ ሳይ ዘካሪያስ ሳሙናውን አልጠረገም። የበረንዳውን ብረት ይዞ ያየኛል።

ያኔ የደረጃው በር ተከፈተ። እምነት ናት። ጋሼ፣ አርባ ቀኗ ያልሞላ፣ ከደጅ እንኳ ያልወጣች አራስ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ልጁን እንደታቀፈች በዚያ ሁሉ ሰው መሐል መጣች። በሩን ከፍታ ጠበቀችኝ። ስወጣ ልጁን ክንዴ ላይ አስቀመጠችና እሷ ገባች። ወንበሩን ወደፊት ሳበች፣ መስታወቱን አስተካከለች፣ ፍሪሲዮኑን ረግጣ አስነሣች። መሪውን አንዴ ብቻ አዙራ በሁለቱ ምሰሶዎች መሐል ወደኋላ ወስዳ አቆመቻት። የቦቴው ሹፌር እጁን አንሥቶ አመሰገናት። ስትወርድ እኔን አላየችኝም፤ ቀና ብላ ባሏን ነበር ያየችው።

ዘካሪያስ የሚያውቃት፣ መኪና ከመፍራቷ የተነሣ ከፊት ወንበር እንኳ የማትቀመጥ ሴት አድርጎ ነው።

ሁለቱ መኝታ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። ድምፅ አይሰማም፤ አንዳንዴ ብቻ የእሷ፣ ዝግ ያለ፣ የማይቋረጥ። ልጁን እኔ ይዤው ሳሎን ተቀምጫለሁ። ማንም መጥቶ አልተቀበለኝም፤ ያን ያህል ጊዜ ሳቅፈው የመጀመሪያዬ ነው። ኋላ ዘካሪያስ ወጣ። ሳሙናው ጉንጩ ላይ ደርቋል። ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

"አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምጠይቅህ" አለኝ። "መሪውን የያዘው ማን ነበር?"

"እኔ ነኝ" አልኩት።

"እሷም 'እኔ ነኝ' ነው ያለችኝ" አለ።

ሌላ አልጠየቀኝም። ልጁን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። ተኝቷል፣ አትቀስቅሰው ብሎኝ ፊቱን ሊታጠብ ገባ።

ትናንት ወይዘሮ ፈለቀች መጡ። ዘካሪያስ እሑድ ልጁን ታቅፎ እስከ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው አጎቱ ነው አላቸው። እሳቸው ጁባን ሊያነሡ ሲሉ አላስጨረሳቸውም። የት እንደነበረ አውቃለሁ፣ እማዬ፣ ለምን እንደነበረም አውቃለሁ አላቸው። እሳቸውም እኔን ትተው የገዛ ልጃቸውን በጥርጣሬ ማየት ጀመሩ።

ይህን ሲሰሙ ደስ ይልዎት ይሆናል። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ተጠርጥሮ መኖርን ለምጄዋለሁ፤ ሰው እኔን ሲያይ ሌላውን አያይም። አሁን እኔን የሚያይ ሲጠፋ ዓይን ወዴት እንደሚዞር እየፈራሁ ነው።

ወይዘሮ ፈለቀች ከሄዱ በኋላ እምነት ልጁን እያጠባች የሟቹ ባለቤት የት እንደምትኖር ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። አውቃለሁ፤ በተፈታሁ በሁለተኛው ሳምንት ሄጄ፣ ከበሯ ማዶ ቆሜ፣ ማንኳኳት አቅቶኝ ነው የተመለስኩት። መዋሸቴን ከፊቴ ላይ አነበበችው። ከክርስትናው በኋላ ልትሄድ ነው። ዘካሪያስ በመኪና እስከ በሩ ያደርሳታል። ለመንኳት፤ ጡቷ ላይ ያለውን ልጅ አሳየኋት፤ የሴትዮዋን ነገር ለእኔ ተይው አልኳት። ልቧ እንዳልተመለሰ ሳውቅ፣ እንግዲያው አብሬሽ ልሂድ አልኳት።

"አይሆንም" አለችኝ። "አንተ ሄደህ ተመልሰሃል።"

ጋሼ፣ ቤቱን ላሳያት ወይስ ልከልክላት? በዚህ ዓለም ይህን የምጠይቀው ከእርስዎ ሌላ ሰው የለኝም። ወረቀት ማን እጅ እንደሚገባ ስለማይታወቅ ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ እርስዎ ያልተጻፈውንም ያነባሉ። ሲጨርሱ እሳት ውስጥ ይጨምሩልኝ። መልስዎንም ያሳጥሩልኝ፤ "አሳያት" ወይም "ተው" ቢሉኝ ይበቃኛል።

ልደቱን በጤና ያድርስዎ። ለዓይንዎ ብርሃን፣ ለጉልበትዎ ብርታት ይስጥልኝ። በእጅዎ ያለፈውን ሁሉ የማይረሳው አምላክ፣ የልጅ ልጆችዎን ወግ ማዕረግ ሳያሳይዎ አይጥራብኝ።

አክባሪ ልጅዎ