እነሱስ ዋሳቸው ማነው?

ሰኞ፣ ኅዳር 15 ቀን 2018

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም፤ ግን ደስ ብሎኛል። በጣም። ለማንም አልተናገርኩም፣ ስለዚህ እዚህ ልጻፈው።

ተመርጫለሁ። እሁድ ከሰዓት በልጆች ክፍል የማስረዳው እኔ ነኝ። በድምፅ። ስም ሲጠራ «አቤት» ለማለት እንኳ የማፍረው እኔ።

የልጆች ክፍል የምለው በአክስቴ ስልክ የምገባበትን የትምህርት ገጽ ነው። ገጹ የውጭ አገር ነው፤ ነገር ግን በአማርኛ የሚያስተምሩበት ክፍል አለው፤ አስተማሪዎቹም የእኛው ሰዎች ናቸው። እዚያ ፊት አይታይም፤ እውነተኛ ስምም አይጻፍም። የእኔ ስም «ጥቁር ገብስ» ነው።

እናቴ ታማ በነበረ ጊዜ ሁለት ዓመት ከትምህርት ቀርቻለሁ። ከሞተች በኋላ አባባ ከገጠር ሞላሌ ከተማ አምጥተው አክስቴ ዘንድ አስቀመጡኝ። አሁን አሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ ገና ሰባተኛ ክፍል ነኝ፤ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ እበልጣለሁ። አንድ ቀን እጄን አውጥቼ ስጠይቅ ከኋላ ያሉት «እማማ ጠየቁ» አሉ። ከዚያ ወዲህ እጄን አላወጣሁም። ጥቁር ገብስ ግን ትጠይቃለች። ከአምና ጀምሮ መልስም ትሰጣለች።

ያስመረጠኝ ጥያቄ ይሄ ነው፦ ሁለት ሰው በስድስት ቀን የሚያጭደውን ገብስ ሦስት ሰው በስንት ቀን ያጭደዋል? ብዙዎቹ ዘጠኝ ብለው ነበር። እኔ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «እርሻው አይለወጥም። መጀመሪያ እርሻውን ያዙ። ሁለት ሰው ስድስት ቀን ከሠራ ሥራው የአሥራ ሁለት ቀን የአንድ ሰው ሥራ ነው። እሱን ለሦስት አካፍሉት።» ክፍሉን የምትመራው መምህርት ሩት «ይህን እሁድ በድምፅሽ አስረጅልን» ብላ መለሰችልኝ።

ጾሙ ዛሬ ገባ። ምሳ ሽሮ ነበር መሰለኝ። መብላቴን አላስታውስም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ክፍሉ ተዘጋ። ለእኔ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም።

ከትምህርት ቤት መጥቼ ስልኩን ስከፍት ማስታወቂያ ጠበቀኝ። ደጋግሜ አነበብኩት። ገጹ ባለበት አገር አዲስ ሕግ ወጥቷል። ልጆች የሚሰባሰቡበት ገጽ ሁሉ የሚገባው ሰው በእርግጥ ልጅ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። ልጅ ከሆነ ደግሞ ወላጁ መፍቀድ አለበት። ወላጁ የመታወቂያውን ፎቶ ይልካል፤ ከዚያ ከልጁ ጋር ሆኖ ካሜራው ፊት ይቀመጣል። እስከ ቅዳሜ ማታ ያልተፈቀደለት እሁድ አይገባም።

ምነው ትናንት ደስ አለኝ ብዬ ባልጻፍኩ ኖሮ።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ከምኑ ነው የሚጠብቁኝ፣ ከማካፈል ነው? አልኩ። በኋላ መስከረም ላይ የሆነው ትዝ አለኝና ንዴቴ በረደ። አንድ ሰው ልጅ ነኝ ብሎ ገብቶ ስለ ሂሳብ ሲጠይቀኝ ቆየ። ከዚያ «ቤት ብቻሽን ነሽ?» አለ። «ፎቶሽን ላኪልኝ» አለ። ስልኩን እንደ ትኩስ ድስት ነው የለቀቅኩት። ለመምህርት ሩት ስነግራት ያንኑ ዕለት አስወጣችው። ሕጉን ያወጡት ሰዎች እንደዚያ ያለውን ሰው አስበው ይሆናል። እኔን ግን አላሰቡም። አባቷ ገጠር ያለ፣ የአባቷ ስልክ መደወያ ብቻ የሆነ፣ ፎቶ መነሳት የምታፍር ልጅ በሐሳባቸው አልመጣችም።

አባባ ዓርብ ለገበያ ይመጣሉ። ምን ብዬ ነው የምነግራቸው? በስልክ እንደማጠና ያውቃሉ። ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር እንደምጻጻፍ አያውቁም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ዛሬ አበላሸነው። እያዘንኩም ቢሆን ያስቀኛል።

አክስቴ ዘነቡ ልብስ ሰፊ ናት። ስፌቷ ከቤቱ ፊት ለፊት ባለችው ክፍል ነው። አክስቴ ብትሆንም ብዙ ስለማትበልጠኝ አንቺ ነው የምላት። ቁርስ ላይ አየችኝና «ምን ሆነሽ ነው? ጾሙ ገና መግባቱ፣ ፊትሽ ግን ሁዳዴ ጨርሷል» አለችኝ። ነገርኳት። ሁሉንም አይደለም፤ ካሜራውን ብቻ።

«ታዲያ እኔ ምን ሠራሁ? ትልቅ ሰው አይደል የፈለጉት? በይ ፊቴን ውሰጂ።»

ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ ቆመች፤ ኔትወርኩም ብርሃኑም እዚያ ይሻላል። ስልኩ ወደ ቀኝ ዙሪ፣ ወደ ግራ ዙሪ፣ አገጭሽን ቀና አድርጊ ይላል። «ይሄ ሰውዬ ሊያገባኝ ነው እንዴ እንዲህ የሚያገላብጠኝ?» አለች። ሱሪ ሊያስጠግኑ የመጡ ሽማግሌ እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ተረጋግጧል፤ ትልቅ ሰው ነዎት» የሚል ጽሑፍ መጣ። ተቃቀፍን። ከዚያ የልጆች ክፍልን ስነካው «ይህ ክፍል ለትልልቅ ሰዎች ዝግ ነው» አለኝ።

ለካ የነካነው የወላጁን ቦታ ሳይሆን የእኔን ቦታ ነው። ጥቁር ገብስ በአንድ ጠዋት ትልቅ ሰው ሆና ከልጆች ክፍል ተባረረች።

«እኔን ነው ያባረሩኝ?» አለች አክስቴ። እውነትም ቅር አላት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ትናንት ማታ ለመምህርት ሩት የሆነውን ሁሉ ጻፍኩላት። ከመላኬ በፊት ብዙ ጊዜ አጠፋሁት። በመጨረሻ ዓይኔን ጨፍኜ ላክሁት።

ጠዋት ትምህርት ቤት ሳልሄድ መለሰችልኝ! የሳቀች ይመስለኛል። «አስተካክዬዋለሁ፤ ተመልሰሽ ልጅ ሆነሻል። አክስትሽን ሰላም በይልኝ። መፍቀድ ያለባቸው ግን አባትሽ ናቸው። ቦታሽን ይዤልሻለሁ። አባትሽ የሚጠይቁት ነገር ካለ ጻፊልኝ።»

ቦታሽን ይዤልሻለሁ። ይህን ቃል ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ይዤው ዋልኩ። አንድ ጊዜ ብቻዬን ፈገግ ብዬ መምህሩ አዩኝ።

አንድ ነገር ግን ያስፈራኛል። አባባ የሰው ዋስ አይሆኑም። ድሮ አንድ ጎረቤታችን በግጦሽ ጠብ ታስሮ ሳለ እሳቸው ዋስ ሆነው አስፈቱት። ሰውየው በቀጠሮው ቀን ሳይቀርብ ወደ መርሐቤቴ ወረደ። በሱ ፋንታ አባባ ጣቢያ አደሩ። ከዚያ ወዲህ ዋስ ሁነኝ የሚላቸው ሰው ሲመጣ ካዩ መንገድ ይቀይራሉ። አክስቴ «መፍቀድ እና ዋስ መሆን ለየቅል ነው» አለችኝ። ለእሷ ለየቅል ነው። ለአባባ እንጃ።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

መጡ። ቆሎ ይዘውልኝ ነው የመጡት። በርኖሳቸውን ሳያወልቁ በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ፈርቼ እንዳልተወው ቶሎ ጀመርኩ። የስፌት መኪናውን እያየሁ ነበር የማወራው። ስለ ክፍሉ፣ ስለ እሁድ፣ ስለ ሕጉ፣ ስለ መታወቂያው፣ ሁሉንም። በሕይወቴ ከአባባ ጋር ይህን ያህል አውርቼ አላውቅም።

ስጨርስ «ክፉ ሰው ገብቶበት ያውቃል?» አሉኝ።

አክስቴ ከኋላቸው ሆና አይ በይ እያለች ራሷን ነቀነቀችልኝ። እኔም አይ ልል ነበር። አልወጣልኝም።

«አንድ ጊዜ» አልኩ።

«ምን አለሽ?»

ነገርኳቸው።

«ለማን ነገርሽ?»

«ለመምህርቷ።»

«ለእኔ አልነገርሽም።»

«አፍሬ ነው፣ አባባ።»

በርኖሳቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ከዚያ «ይሄ ነገር ዋስትና ነው። ዋስ አልሆንም ብያለሁ፤ አልሆንም» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ከፍ ቢያደርጉ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ጓሮ ወጣሁ። ያለቀስኩት ትንሽ ነው። አክስቴ ስትናገራቸው በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። «ጋሼ፣ ለጎረቤትህ ዋስ ሆነህ ታሰርክ። ለገዛ ልጅህ ስትባል ነው የፈራኸው?»

«እኔ እሷን መች ጠረጠርኩ? እነሱን ነው እንጂ።»

«እነሱንማ ጠይቃቸዋ።»

ተመልሼ ስገባ መታወቂያቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ያገላብጡታል። «ነይ ቁጭ በይ። እኔን ዋስ ሁን ይሉኛል። እነሱስ ዋሳቸው ማነው? የልጄን ፊት ወስደው ቢሰወሩ ማንን እይዛለሁ? እንዲህ ብለሽ ጻፊላት። እንዳለ ጻፊው፤ እንዳታለሳልሽው።»

እፍረት አቃጠለኝ። ይስቁብናል ብዬ ነበር። እንዳለ ጻፍኩት። ላክሁት። አባባ ወደ አገር ቤት አልተመለሱም። «እሁድ ጽዮን ናት፤ እዚሁ እሳለማለሁ» አሉ። ሰበብ ይመስለኛል። ሰበብ ይሁን።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

የዛሬው ብዙ ነው። በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ጠዋት ከመምህርት ሩት መልስ መጣ። «የአባትሽ ጥያቄ ትክክል ነው። በጽሑፍ አልመልስም፤ ደውዬ ላናግራቸው።» ምሳ ሰዓት ላይ በአክስቴ ስልክ ደወለች። ድምፅዋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እንደ እኛ አገር ሰው ነው የምታወራው። አባባ ሁላችንም እንድንሰማ የስልኩን ድምፅ ማጉያ አስከፈቱት።

«የማን ልጅ ነሽ?» ነው መጀመሪያ ያሏት። እስከ አያቷ ቆጠረችላቸው። አገሯንም ጠየቁ፤ ነገረቻቸው። እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሷ ግን የሰለቻት አትመስልም።

«በይ እሺ። ፎቶው የት ይሄዳል?»

«አባት መሆንዎ ከታየ በኋላ ይጠፋል፣ አባቴ። የሚቀረው አባቷ ፈቅደዋል የሚለው ቃል ብቻ ነው።»

«ሲጠፋ አይተሻል?»

አልሸሸገችም። «አላየሁም። አሠራሩ እንደዚያ ነው ብለውኛል፤ ሕጉም ያዛቸዋል። ያላየሁትን ግን አይቻለሁ አልልዎትም።»

አበቃ፣ አሁን እምቢ ይላሉ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አባባ ግን አክስቴን ዞር ብለው አዩና «ሰማሽ?» አሉ። «ያ ጎረቤቴ እኮ ሚካኤልን ጠርቶ ነበር የማለልኝ። ይቺ ግን ያላየችውን አትምልም።»

ከዚያ ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው «እሺ ልጄ፣ ያየሽውን ንገሪኝ። አንቺ ለምኑ ዋስ ትሆኛለሽ?» አሏት።

«እኔ ክፍሉ ውስጥ እቀመጣለሁ። ያለ እኔ አይከፈትም። ልጅዎን ክፉ የተናገረ ሰው ካለ ራሴ ደውዬ እነግርዎታለሁ። ለዚህ ዋስ ነኝ።»

«እንግዲያው እኔም ለልጄ ዋስ ነኝ» አሉ። ሌላ ምንም አልጨመሩም።

የመታወቂያውን ፎቶ አክስቴ አነሳች። በዚህ ጊዜ የወላጁን ቦታ ሁለታችንም አይተን ነው የነካነው። ካሜራው ፊት ስንቀመጥ ስልኩ ተጠጉ ይላል። እኔ ራቅ ብዬ ነበር የተቀመጥኩት። አባባ በርኖሱን ከፍተው ክንፉን ትከሻዬ ላይ ጣሉብኝና ሳቡኝ። ያጨዱት ገብስ ይሸታሉ። እናቴ ከሞተች ወዲህ አብረን ፎቶ ስንነሳ ይህ የመጀመሪያ ነው፤ እሱም ይጠፋል አሉ። አክስቴ ሳትነግረን ሌላ አንስታለች። ያኛው አይጠፋም።

ተፈቀደ። ጥቁር ገብስ ገባች። የክፍሉን በር ስነካው ተከፈተ፤ ዘግቼ ደግሜ ከፈትኩት። ሰባት ልጆች ቀድመውኝ ገብተዋል። ሌሎቹ አልመጡም። እስከ ማታ ይመጡ ይሆናል። አባት የሌላቸውስ? መታወቂያ ያላወጡትስ? ሁልጊዜ የምትጠይቀው «ብርቱካን» የለችም። ለመምህርት ሩት ስለ እሷ እጽፍላታለሁ።

ሌላ ጉድ ደግሞ አለ። አባባ «ነገ እኔም እሰማለሁ» አሉ። «ዋስ የሆነ ሰው ከቦታው አይጠፋም።» ለማያውቁኝ ልጆች መናገር አንድ ነገር ነው። አባባ አጠገቤ ተቀምጠው መናገር ሌላ ነው።

«ምንድን ነው የምታስረጂው?» አሉኝ። ሁለቱን ሰው፣ ሦስቱን ሰው፣ እርሻውን ነገርኳቸው። እያዳመጡ ቆሎውን ያሻሉ።

«አራት ቀን ነው ማለት ነው።»

«አዎ።»

«ሦስተኛው ሰነፍ ከሆነስ?»

አክስቴ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ግን የጻፍኩትን መልሼ አነበብኩት። ለካ ሂሳቡ ሦስቱም እኩል ይሠራሉ ብሎ ነው የተነሳው፤ እኔ ይህን አልጻፍኩትም። ማንም አልጠየቀኝም ነበር።

ነገ ከቤተ ክርስቲያን እንደመጣን በሩ ላይ፣ ኔትወርኩ ያለበት ቦታ እቀመጣለሁ። መብራት ቢጠፋ ብዬ ስልኩን ዛሬ እሞላዋለሁ። ሳፍር አፌ ላይ የምስበውን ነጠላ አነሳለሁ። ድምፄ ቢንቀጠቀጥም አላቋርጥም። የምጀምረውም እንዲህ ብዬ ነው፦ «ጥቁር ገብስ ነኝ። አባቴ አጠገቤ ናቸው። ሦስተኛው ሰው ሰነፍ ከሆነስ ብለው ጠይቀውኛል፤ መጀመሪያ ለእሳቸው ልመልስ።»