የገናው ገንዘብ ባለቤት

ባርንስሊ፣ በየካቲት

ውድ ኖሪን፣

ሃል ከተማ እህትሽ ቤት እንዳልተመቸሽ ከድምፅሽ ገብቶኛል። ሶፋው አጭር ነው አልሽኝና ሳቅሽ። እዚህ በርሽ ላይ አዲስ ቁልፍ ገጥመዋል። ደረጃውን ስወርድ ሳላስበው አሁንም ላንኳኳ እጄን አነሳለሁ።

ያ ቀን ከራሴ አልወጣም አለ። ወጥ ቤትሽ። ሁለታችን። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ፣ ድምፁ ተከፍቶ። የድጎማ ቢሮው ሰውዬ ትሑት ነበር፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። ድጎማ ለሚቀበል ሰው ከሚፈቀደው በላይ ገንዘብ ሂሳብሽ ውስጥ እንዳለ ባንኩ ጠቁሞናል አለሽ። ኅዳር ነበር። የሕንፃችን ሰው በየዓርቡ ለገና የሚቆጥበው አንቺ ዘንድ ነው፤ ገንዘቡን የምታስቀምጪበት የብስኩት ቆርቆሮ ከተሰረቀ ወዲህ በስምሽ ባንክ ታስገቢው ነበር።

"ታዲያ ገንዘቡ የማን ነው?" አለሽ።

አፌን ከፈትኩ። ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጥሽኝ። በዚያ ወፍራም የቤት ጫማሽ፣ አጥብቀሽ።

"የኔ ነው" አልሽው።

ስልኩ ሲዘጋ ተቆጣሁሽ።

"አንቺ ሴትዮ ዝም በይ" አልሽኝ። "ድርሻሽን ከየት አመጣሽው ቢሉሽ ምን ልትይ ነው? ድጎማ እየተቀበልኩ ቅዳሜ ቅዳሜ የመጠጥ ቤቱን ወለል በድብቅ ስወለውል ነው ልትይ? ወይስ ከሰማይ ወረደልኝ?"

ሳቅን። ቶሎ አለቀብን።

ድጎማሽ ቆመ። ቀጥሎ የቤት ኪራዩን መክፈል አቃተሽ፤ ከቤትሽ አስወጡሽ። አንቺ ግን ገንዘቡን አውጥተሽ የእያንዳንዱን ድርሻ በየበሩ አደረስሽ፤ ቢሮው ይህንንም "ገንዘቧን አሸሸች" ብሎ ጻፈው። እኔ በድርሻዬ ሥጋ ገዛሁ። ግማሹን ሳልበላ ተውኩት።

ከላይ ፎቅ የሚኖረውን ክሊፍን አብረን ሄደን እውነቱን እንናገር ብዬ ለመንኩት። በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፈተልኝ።

"ዊኒዬ፣ ራሷ የኔ ነው ካለች እኔ ምን ቤት ነኝ?"

ከኋላው የልጁ አዲስ ብስክሌት ቆሟል። በገናው ገንዘብ የተገዛው።

አልፈረድኩበትም። እኔም ፖስተኛው ደረጃውን ሲወጣ ኮቴውን አዳምጣለሁ፤ በሬን ሲያልፍ ነው የምተነፍሰው። ድጎማዬ ከቆመ ይህ ቤት እንደማይቆይልኝ አውቃለሁ። ካንቺ አየሁት።

ሐሙስ ይግባኝሽ ሲሰማ እመጣለሁ። ገንዘቡ የማን የማን እንደነበረ አላወራም፤ የራሴን ግን እናገራለሁ። ስለ ወለሉም ጭምር። አትምጪ እንደምትይኝ አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው ያልደወልኩት።

ከአንቺ ራቅ ብዬ ነው የምቀመጠው። እግርሽ አይደርስብኝም።

የፊት ለፊት በርሽ፣
ዊኒ