ለትልቁ አጎቴ፦ ስለ አባቴ አውራ ጣትና ስለ ሦስቱ ብርድ ልብሶች

ለተከበሩ ትልቁ አጎቴ፣
የቤተሰባችን የምክር፣ የምርመራና የመድኃኒት ጉዳዮች የበላይ ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የሌሎቻችንን ጤና እርስዎ ስለሚያውቁልን፣ እኛ የምንጨነቀው ለእርስዎ ብቻ ነው።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት አንድ ኃጢአት እናዘዛለሁ። ባለፈው ወር፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ከኮትዎ ኪስ ስልክዎን ያለ ፈቃድ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ታክሲ ጠርቼበት መልሼዋለሁ። መስታወቱ ላይ ያለችው ጭረትም የእኔ ናት። ለዚህ ወንጀል ያበቁኝን ምክንያቶች በትህትና አቀርባለሁ።

፩. አባቴ ሱሪ ሲያሳጥር የስፌት መኪናው መርፌ አውራ ጣቱን ወጋው። በሦስተኛው ቀን ጣቱ አብጦና ቀልቶ ሳለ፣ «ልብስ ሰፊ መርፌ ወጋኝ ብሎ ሐኪም ቤት ቢሄድ ሰው ምን ይላል?» ብለው ስላረጋጉን እናመሰግናለን። ሰው ምንም አላለም።

፪. በማግስቱ ጥርሱ እስኪንገጫገጭ ሲንቀጠቀጥ «ብርድ ነው» ብለው ሦስት ብርድ ልብስ ስላስደረቡለት ምስጋናችን ወሰን የለውም። ከሦስቱ ስር እጁን ስይዘው እንደ መቀስ ይቀዘቅዝ ነበር። ደረጃ ሮጦ እንደወጣ ሰው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ከጠዋት ጀምሮ ሽንት ቤት አልሄደም። እርስዎ ግን «እንቅልፍ ይዞታል፣ አትረብሹት» አሉ።

፫. አባቴ ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ ፌንጣ ሲለኝ እንጂ በስሜ ሲጠራኝ ሰምቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን ዓይን ዓይኔን እያየ «ጌታዬ፣ ሱሪዎ ነገ ይደርሳል» አለኝ። እርስዎ «ታሞም ቀጠሮ ያራዝማል» ብለው ሳቁ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሳቅኩ። ከዚያ «አባዬ፣ እኔ እኮ ነኝ» አልኩት። «አውቃለሁ ጌታዬ፣ ነገ» አለኝ። ስልክዎን የሰረቅኩት ያኔ ነው።

፬. ሆስፒታል የተቀበለችን ሐኪም «ሴፕሲስ ይባላል፤ ከቁስሉ የተነሳው ኢንፌክሽን ሰውነቱን አስቆጥቶት፣ ሰውነቱ መልሶ ራሱን እየጎዳ ነው» አለች። መድኃኒቱን በደም ስሩ እየሰጠች ሰዓቷን አየችና «እስከ ማታ ብትቆዩ ኖሮ…» ብላ ሳትጨርሰው ተወችው። እኔ ግን ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር እጨርሰዋለሁ።

አሁን ደግሞ ከሆስፒታል በወጣ በሁለተኛ ሳምንቱ «መተኛት ያሰንፋል፤ ቅዳሜ መጥቼ ሱቁን አስከፍተዋለሁ» ማለትዎን ሰምተናል። ሐኪሟ ድካሙ፣ መርሳቱና እንቅልፍ ማጣቱ ወራት ሊወስድ ይችላል ብላለች። ዛሬ መርፌ ላይ ክር ለማስገባት አስራ አንድ ጊዜ ሞክሮ ሲያቅተው ያላየሁ መሰልኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ ትንፋሹን እቆጥራለሁ። ስለዚህ ቅዳሜ ሲመጡ ምክርዎን እቤትዎ አሳርፈው፣ ስልክዎን ብቻ ይዘው እንዲመጡልን እንለምናለን። እንደገና ቢያተኩሰው ወይም ቢቀዘቅዝ፣ ትንፋሹ ቢፈጥን፣ ወይም እንግዳ ነገር ቢናገር፣ ሳንመካከር እንሄዳለን።

ከእግርዎ ስር የማልጠፋ፣ ከኮት ኪስዎም ብዙ የማልርቅ፣
የወንድምዎ ልጅ

ማሳሰቢያ፦ የስልክዎ የምስጢር ቁጥር ከአንድ እስከ አራት በተራ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አደራ እንዳይቀይሩት፤ የአባቴን ሕይወት ያተረፈው ብቸኛው ውሳኔዎ እሱ ነው። የዚህ ደብዳቤ ቅጂም በልብስ ስፌት ቤቱ በር ላይ የሚለጠፈው…

ይቅርታ፣ አንድ ሰው ከአልጋው ቀና ብሎ ምን እየጫርኩ እንደሆነ እየጠየቀኝ ነው። «አንተ ፌንጣ፣ ደግሞ ማንን ልታስቀይም ነው?» ይላል።

ፌንጣ ነው ያለኝ።