ያስተማሩትና ያደረጉት፦ የመምህር ሰይፈሥላሴ ሀብተማርያም የሕይወት ታሪክ

መምህር ሰይፈሥላሴ ከአባታቸው ከአቶ ሀብተማርያም ደስታ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩነሽ አየለ በጎጃም፣ በደብረ ወርቅ አካባቢ፣ ሐምሌ 19 ቀን 1938 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው በአገሩ የታወቁ ዘር ቆጣሪ ነበሩ። ሁለት ቤተሰብ ልጅ ለልጅ ሊሰጣጥ ሲያስብ እሳቸው ዘንድ ይሄዳል፤ አቶ ሀብተማርያም የሁለቱንም ወገን እስከ ሰባት ቤት ቆጥረው «ይገናኛሉ» ካሉ ሠርጉ ይቀራል። ደግሞ የሚጠይቅ የለም። መምህር ሰይፈሥላሴም ፊደል ሳይለዩ የትውልድ ስም በቃላቸው የሚወጡ ልጅ እንደነበሩ ይነገራል።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት አካባቢ፣ ሁለተኛ ደረጃን በደብረ ማርቆስ ተከታትለው በ1958 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ በመምጣት ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በ1962 ዓ.ም. በባዮሎጂ ተመረቁ። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ጡረታ እስከወጡበት እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስ በኮልፌ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሆነው አገልግለዋል። በ1965 ዓ.ም. ከወይዘሮ ጽጌማርያም በላቸው ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው 18 ማዞሪያ አጠገብ ቤት ሠሩ፤ ማርያማዊትን፣ ታዲዮስንና ሃናን ወለዱ። ይህን የምጽፈው የመጨረሻዋ ልጃቸው ሃና ነኝ።

አባታችን ጥሩ መምህር ነበሩ። ዛሬ ድንኳኑ ውስጥ ከተቀመጡት ብዙዎቹ ተማሪዎቻቸው ስለሆኑ አጋነነች ብሎ የሚጠረጥረኝ አይኖርም። በየዓመቱ የዘር ውርስ ምዕራፍ ሲያልቅ መጽሐፍ አስከድነው አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ስለ ዩጀኒክስ ያስተምሩ ነበር፤ ሰውን እንደ ከብት መርጦ ማራባት ይቻላል፣ ይገባልም ስለሚለው ትምህርት ማለት ነው። ከእንግሊዝ አገር ተነሥቶ አሜሪካ ሲደርስ ሕግ እንደሆነ፣ ድሃውን፣ የሚጥል በሽታ ያለበትንና «አእምሮው ደካማ ነው» የተባለውን ሐኪም ቤት እያስገቡ እንዳመከኑት፣ ትልቁ ፍርድ ቤታቸውም እንዳጸደቀው ይናገራሉ። ጀርመን ከማምከን አልፎ በሽተኞቹን በጋዝ መፍጀቱንም አይደብቁም። ጃፓን ደግሞ የሥጋ ደዌ ሕሙማን እንዳይወልዱ ስታመክን መኖሯን ሲያስተምሩ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር፤ ምክንያቱም ከፊታቸው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ካለበት ሰፈር የመጡ የዘነበወርቅ ልጆች ተቀምጠዋል። «ይህን ያደረጉት ሽፍቶች አይደሉም። ሐኪሞች፣ ዳኞችና እንደኔ ያሉ መምህራን ናቸው» ይሉና የሚዘጉት ሁልጊዜ በአንድ ቃል ነበር፤ «እኛ አገር ሕግም ቢላም አላስፈለገም። ሽማግሌ መመለስ በቅቶናል።»

እንደ አባታቸው ዘር መቁጠሩንም አልተዉም። ከአስኮ ድረስ ሰው ይመጣባቸው ነበር። የሚቆጥሩት ግን ዝምድናን ብቻ ነው። እገሌ ቤት በሽታ አለ ወይ፣ አጥንቱ ንጹሕ ነው ወይ ብሎ የመጣውን «ዝምድና ጠይቁኝ እንጂ አጥንት አትጠይቁኝ» ብለው ይመልሱታል። በዚህም ተከበሩ።

በ1992 ዓ.ም. ጥር ወር፣ በአቶ ቢቂላ መሪነት ሦስት ሽማግሌዎች ማርያማዊትን ለሰብስቤ ሊጠይቁ ወደ ቤታችን መጡ። ሰብስቤ የአባታችን ተማሪ የነበረ፣ ያን ጊዜ የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን የሆነ፣ ከማርያማዊት ጋር ለሦስት ዓመት ሲዋደድ የቆየ የዘነበወርቅ ልጅ ነው። እናቱ ወይዘሮ ዓለም በልጅነታቸው የሥጋ ደዌ ስለያዛቸው ከጎጃም፣ ከዘመድ ተባርረው የመጡ ነበሩ። ታክመው ድነዋል፤ በቀሯቸው ጣቶች ጥልፍ እየጠለፉ ልጃቸውን አሳድገዋል። ከአያታቸው በላይ የዘር ስም አያውቁም፤ የሚነግራቸው ሰው አልነበረም። አቶ ቢቂላ «መምህር፣ ጊዜ ይውሰዱና ይቁጠሩት። እርስዎ ካሉት አንወጣም» አሉ።

አባታችን ሁለት ሳምንት ወሰዱ። ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ «ሥጋ ናቸው፤ በስድስተኛው ቤት ይገናኛሉ» ብለው በሁለቱም ወገን ስሞቹን አንድ በአንድ ቆጠሩላቸው። ሠርጉም ቀረ።

ዝምድናው አልነበረም። ስሞቹን አባታችን ናቸው የፈጠሯቸው።

ማንም አልጠረጠረም፤ ሰብስቤማ ጨርሶ አላሰበውም። በሽታው በባክቴሪያ እንጂ በዘር እንደማይመጣ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ በእናቱ ምክንያት ሊመልሱት እንደሚችሉ እንዴት ያስብ? ማርያማዊት የሥጋ ዘመዷን በመውደዷ እንደ ኃጢአተኛ ለነፍስ አባቷ ተናዘዘች፤ የአርባ ቀን ጾምና ስግደት ተሰጣት። አባታችን እያዩ ፈጸመችው። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ተጠይቃ እምቢ ብላለች፤ ዛሬ ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። ያ የዩጀኒክስ ትምህርትም ከዚያ ዓመት በኋላ ቀረ። ዳይሬክተሩ ምክንያቱን ቢጠይቋቸው «ክፍለ ጊዜ አልበቃኝም» አሉ።

የወይዘሮ ዓለም ነገር ከሁሉ ይብሳል። ልጃቸው ሚስት ቢያጣም እሳቸው ከአርባ ዓመት በኋላ ዘመድ አገኙ። በየበዓሉ የጠለፉትን ይዘው ይመጣሉ፤ በራችን ላይ ቆመው እየሳቁ «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» ይላሉ። የተነገሯቸውን ስሞች በቃላቸው አጥንተው ለልጃቸው አስተማሩ። ሰብስቤ በ1997 ዓ.ም. ሌላ አግብቶ ሦስት ልጆች ሲወልድ የመጀመሪያውን በአራተኛው አያት ስም ቃለጽድቅ አለው። ቃለጽድቅ የሚባል አያት አልነበረም። ሦስቱም ልጆች ቤታችን እየዋሉ፣ ማርያማዊት ፊደል እያስቆጠረቻቸው አደጉ። አባታችን እጃቸውን ይዘው ጣቶቻቸውን ለረጅም ጊዜ ይመለከቱ ነበር። እኛ ፍቅር መስሎን ነበር።

እናታችን ወይዘሮ ጽጌማርያም ይህን ሳያውቁ በ2005 ዓ.ም. ዐረፉ። ወይዘሮ ዓለም በ2011 ዓ.ም. ሲያርፉም አባታችን በዘመድነት ለቅሶ ተቀመጡ፤ ሰውም «እግዜር ያጥናዎ» አላቸው።

አባታችን በ2016 ዓ.ም. የጉበት ካንሰር ተገኘባቸው። ሐኪም ቤት የሚያመላልሳቸው ሰብስቤ ነበር። ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በአስተርዮ ማርያም ዕለት፣ እኔን ብቻ ጠርተው ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ነገሩኝ። ለምን ስላቸው «ባክቴሪያ መሆኑንማ አውቅ ነበር። የወይዘሮ ዓለምን እጅ ሳይ ግን የልጅ ልጆቼ ጣት ታየኝ። ዕውቀቴ እጄን አልያዘውም» አሉ። ከቀብራቸው በኋላ በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ እንዲነበብ አዘዙኝ። እኔም በአንደበትዎ ይንገሯቸው፣ ሁለቱም ከአልጋዎ አጠገብ አሉ አልኳቸው። ይናገራሉ ብዬ ሃያ ሁለት ቀን ጠበቅኩ፤ ይህ ደግሞ የእኔ ጥፋት ነው። የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም. በሰባ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ።

ትናንት፣ ቤቱ በለቅሶተኛ ተሞልቶ ሳለ፣ እህቴንና ሰብስቤን ጓዳ አስገብቼ ነገርኳቸው። በሕዝብ ፊት መጀመሪያ እንዲሰሙት ማድረግ አልቻልኩም። ማርያማዊት ጥቁር ነጠላዋን አጣጥፋ ጉልበቷ ላይ አደረገች። ሰብስቤ «እናቴ የምትደግማቸው ስሞችስ?» አለኝ። እነሱም አልኩት። ቃለጽድቅን ከግቢ ጠርቶ አንገቱን አቅፎት ቆየ። ወንድሜ ታዲዮስ ይህ እንዳይነበብ ለምኖኛል፤ «ሙት ወቃሽ አትሁኚ፤ የቀብር ወረቀት የንስሐ ወረቀት አይደለም» አለኝ። ራሳቸውን የወቀሱት ሟቹ ራሳቸው ናቸው። ይነበብ ወይስ ይቅር ብዬ የጠየቅኩትም የተበደሉትን ሁለቱን ነው፤ ሁለቱም ይነበብ ብለዋል።

መምህር ሰይፈሥላሴ የሦስት ልጆች አባትና የአራት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። አራቱም የታዲዮስና የእኔ ልጆች ናቸው። ማርያማዊት ልትወልዳቸው ትችል የነበሩት በዚህ ወረቀት ላይ ቁጥር የላቸውም፤ እንዳይወለዱ ያደረጋቸውም የውጭ አገር ሕግ አይደለም፣ አባታችን ናቸው። ሰብስቤ ስሙ ከዘመዶች ዝርዝር እንዲወጣለት ጠይቆ ወጥቷል። አስከሬናቸውን ግን «መምህሬ ናቸው» ብሎ ተሸክሟል።

በዚህ ቦታ ላይ ቤተሰቡ በአንድ ድምፅ ለሟች ምሕረት መለመን ልማዳችን ነው። ማርያማዊት እንዲህ ብላኛለች፦ «እግዚአብሔር የፈቀደውን ያድርግላቸው። እኔን ግን አብረሽ አትጥሪኝ፤ ገና ይቅር አላልኳቸውም።» ስለዚህ በታዲዮስ፣ በልጆቻችንና በእኔ ስም ብቻ፦ እግዚአብሔር የመምህር ሰይፈሥላሴን ነፍስ በምሕረቱ ይቀበል።