ዓርማችሁን ከዓንዶም ሳቅ ላይ አንሡልን

ለተከበሩ አቶ ላጲሶ
የካቶሊካውያን የድህነት፣ የኢኮኖሚ ፖሊሲና የቤተሰብ ደኅንነት ጉባኤ ሰብሳቢ
ጉርድ ሾላ

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና የጉባኤዎ በጀት እንደምን ሰነበታችሁ? ከላምበረት መናኸሪያ ጀርባ ተከራይተን የምንኖረው እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ድህነታችን እንኳ ደኅና ነው።

ከዚህ ሁሉ ቤተሰብ መርጣችሁ ለጉባኤው ባነር እኛን ፎቶ ስላነሣችሁን ከልብ አመሰግናለሁ። ያን ቀን ፎቶ አንሺዎ ጫማችንን አስወልቆ፣ «ትንሽ ከፋ ይበላችሁ እንጂ፤ እንደ ድሃ ሁኑ!» ሲለን፣ አውሮፕላን ማረፊያ ጭነት ያወርድ የነበረው ታላቅ ወንድሜ ዓንዶም፣ «ጋሼ፣ ለዚህ ሥራ ስንት ዓመት ልምድ ይጠየቃል?» ብሎ ሳቀ። እናቴ፣ እህቴ ሣባና እኔ ሳቃችንን እንደ ምንም ዋጥነው፤ እሱ አልቻለም። በግንቦት በሳንባ ምች ከሞተብን በኋላ እናቴ ያንን ሳቅ ለማየት ጉባኤውን ስትጠብቅ ከረመች። ቤት ያለን የመታወቂያው ፎቶ ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ ቀበሌ ፊት ስለሆነ አልሳቀም።

ስለዚህ ቅሬታዬን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ባነሩ ሲዘረጋ የጉባኤው ዓርማ ልክ ዓንዶም ፊት ላይ ተለጥፎ አገኘነው። የሚስቅ ድሃ ለስብሰባ እንደማይመች ስላስተማራችሁን እናመሰግናለን። እናቴ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ ዓርማ ስታይ ዋለች።

፪. እዚያው ዓርማ ሥር የቆሙት ተናጋሪ፣ ቤተሰብ ከገበያ እንደሚቀድም፣ ደመወዝም ቤተሰብ የሚያኖር መሆን እንዳለበት፣ ድሃም ቁጥር ሳይሆን ፊት ያለው ሰው እንደሆነ ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረውን ግሩም አድርገው አስረዱ። እኔም በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል የተማርኩትና የማምንበት ስለሆነ አጨበጨብኩ። ፊቱ የት እንደገባ ግን ንግግራቸውን እንዳላበላሽ ብዬ አልጠየቅኩም።

፫. ለሙት ዓመቱ ቅዳሴ ዓርማ የሌለበትን ፎቶ ስንለምን፣ ጽሕፈት ቤትዎ በፎቶው ላይ ያሉት ሁሉ በአካል ቀርበው ፈቃዳቸውን ካልፈረሙ እንደማይሰጥ ነገረን። እናቴ፣ ሣባና እኔ ፈርመናል። አንድ ሰው ይቀረናል።

ክቡር ሆይ፣ የዳቦ ዋጋ ቀንሱልን አላልንም፤ ስለ ቤት ኪራይም አላነሣንም። የምንፈልገው አንድ ሳቅ ነው፤ እሱም የራሳችን ነው።

የጉባኤዎ ጠረጴዛ ከታሸገ ውኃ፣ ውኃውም ከተናጋሪ እንዳይለይ እየጸለይኩ፣

በባነሩ ላይ ከዓርማው በስተግራ በባዶ እግሩ የቆመው ታዛዥዎ
ምሩጽ ተወልደ፣ የ፲፩ኛ ክፍል ተማሪ

ማስታወሻ፦ ዓንዶም በአካል ቀርቦ ይፈርም የተባለውን በተመለከተ፣ በትንሣኤ ሙታን ስለምናምን በመምጣቱ አንጠራጠርም፤ ያን ቀን ጽሕፈት ቤትዎ ክፍት መሆኑን ብቻ ያረጋግጡልን። ዓርማውን ግን ከዚያ በፊት ቢያነሡት ይሻላል፤ አለዚያ ሲመጣ ፊቱን ከምኑ ጋር ያመሳክሩታል?