የዘነበች አባት፣ በቴሌቪዥንና በሲኒማ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1964

ዛሬም አልመጣችም። የእትዬ ወርቅነሽ ጠጅ ቤት ሙሉ ሰው ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጦ ሲጠብቅ፣ በዘነበች ሰዓት ብቅ ያለው ስለ ከብት ክትባት የሚያወራ ሰውዬ ነው። ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ ነበር። በቃ፣ ጀምረው ተዉት። እሷም ወንዝ መሐል፣ ጀልባዋ ላይ እንደተቀመጠች ቀረች።

ዘነበች ያልናት እኛ ነን። ጃፓኖች ሥለው በፊልም የሚያንቀሳቅሷት ልጅ ናት፤ የገዛ ስሟ ምላሳችን ላይ አልቀመጥ አለ። የምትናገረው በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ የሚያውቅ በቤቱ ስለሌለ አስተርጓሚው እኔ ነኝ። እኔም አላውቅም። ግን የማታ ትምህርት ጨርሼ፣ ደመወዝ ስቀበል በጣት ሳይሆን በብዕር የምፈርም ሰው ስለሆንኩ ማን ደፍሮ ይጠይቀኛል? አፏ ሲንቀሳቀስ እያየሁ እናገርላታለሁ። አንዳንዴ ከእሷ አሳምሬ።

አንዱ ነገር ግን አስተርጓሚ አይፈልግም። አባቷ ለሥራ ወደ ባሕር ሄዶ ቀርቷል፤ እሷ ወንዙን ይዛ ትፈልገዋለች። በዚያ ሰዓት እትዬ ወርቅነሽ ጠጅ አይቀዱም። ባላቸው ጋሽ ተሰማ አሰብ ወደብ ሥራ አገኘሁ ብለው ከሄዱ ክረምት በክረምት ላይ አልፏል፤ ድምፃቸው የለም። ቤቱ ሙሉ ያውቃል፣ ማንም አያነሳውም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 10

ትልቅ ወሬ። ከፋብሪካ ስወጣ ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ አነበብኩ። አነበብኩ፤ ይህችን ቃል ስጽፍ ደስ ይለኛል። ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ፣ ሲኒማ ቤት፣ የዘነበች ፊልም። ሥዕሏም ጀልባዋም አሉበት።

ጠጅ ቤት ገብቼ ስናገር ወተት ሻጩ ባልቻ አላመነም። «የቀለም ሽያጭ ማስታወቂያ እንዳይሆን ያነበብከው» አለ።

«ፊደል እንደ ላም ጡት አይታለብም፣ ባልቻ» አልኩት።

ከዚያ ነገሩ የዕድር ስብሰባ ሆነ። ሁሉም ፒያሳ ሊወጣ አይችልም፤ አንድ ሰው ተወክሎ ይሂድ፣ መጨረሻውን አይቶ ይንገረን ተባለ። ባልቻ ራሱን ጠቆመ። እትዬ ወርቅነሽ ወደ እኔ እያዩ ቆረጡት፦ «ደምሴ ይሂድ። ግን ደምሴ፣ ያየኸውን ብቻ። ቀልድህን እዚያው ፒያሳ ጥለኸው ና።»

ዓርብ፣ ጥቅምት 11

ሸሚዜ ታጠበ። ካቦው ቅዳሜ ከሰዓት ትርፍ ሰዓት ግባ ቢለኝ «የሕዝብ ጉዳይ አለብኝ» አልኩት። ስቆ ወደ እሁድ አዛወረልኝ።

ሐሳብ አለብኝ። ቴሌቪዥኑ ጥቁርና ነጭ ነው፤ እኔ ግን ቀሚሷ ቀይ ነው ብዬ ምያለሁ። ባልቻ አረንጓዴ ነው ይላል። አረንጓዴ ከሆነ በየት በኩል አልፋለሁ?

ደግሞስ ያ ስንት ሳምንት የፈጀ መንገድ በአንድ ከሰዓት እንዴት ያልቃል? ጀልባዋ ላይ ሞተር ካልገጠሙ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 12

ሳይቀዘቅዝብኝ ልጻፍ። ቀሚሷ ቢጫ ነው። ሁለታችንም ከሰርን።

ፊልሙ እንደ ቴሌቪዥኑ አይደለም። ቴሌቪዥኑ ላይ መንገድ ያሳየቻት ዓሣ አጥማጅ አሮጊት የለችም። የሚያነክሰው ዳክዬም የለም፤ ስንት ንግግር ተርጉሜለት። ቴሌቪዥኑ ላይ ዘነበች አንድ መንደር እስክትደርስ ትራባለች፣ ትጣላለች፣ ትታረቃለች። እዚህ ወንዙ ራሱ ይሮጣል። ውሃውን ግን ብታዩት። በእጅ የተሣለ ውሃ እንዴት ያብረቀርቃል? ዞር ብዬ ከኋላችን ብርሃኑ የሚወጣበትን የግድግዳ ቀዳዳ ሳይ ቆየሁ፤ አልገባኝም። የሣሉት እነዚያው ሰዎች ናቸው? ከሆኑ ለምን ቀየሩት? ካልሆኑ ማን ፈቀደላቸው?

አባቷ ሞቷል። ባሕሩ ዳር ስትደርስ መቃብር አሳዩአት፣ ድንጋዩን በእጇ ጠረገችው።

ሳር ቤት ከአውቶቡስ ወርጄ የቀረውን በእግሬ ሄድኩ። በጠጅ ቤቱ በር አላለፍኩም፣ በጓሮ ዞርኩ።

እሁድ፣ ጥቅምት 13

ጆንያ ስሸከም ውሸት ሳዘጋጅ ዋልኩ። መብራት ጠፋ፣ ፊልሙ ተቋረጠ ልበል? ወይስ አባቷ ተገኘ፣ ድግስ ተደገሰ? ይኼኛው አማረኝ፣ ዘፈን ሁሉ ጨምሬበት ነበር። ግን እትዬ ወርቅነሽ አምነውኝ በእኔ ቀልድ ስንት ክረምት ይጠብቁ? እውነቱን ብናገር ደግሞ በጃፓን ሥዕል ጥቁር ሊለብሱ ነው።

ማታ ባልቻ ጠጅ ቤቱ በር ላይ ያዘኝ። «ተወካይ፣ ሕዝብህ እየጠበቀ ነው።»

ገባሁ። ቀሚሱን ስናገር ሳቁ። ዳክዬው ቀርቷል ስል አዘኑ። ከዚያ «አባትዬው ሞቷል» አልኩ። እትዬ ወርቅነሽ ብርሌውን አስቀምጠው ጓዳ ገቡ፣ አልተመለሱም። ምነው በዋሸሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 14

ጧት ለሥራ ስወጣ እትዬ ወርቅነሽ ደጃፌ ላይ ቆመዋል። እንቅልፍ አልወሰዳቸውም፣ ያስታውቃል።

«አሮጊቷን ጭራሽ አላገኘቻትም ነው ያልከው?»

«አላገኘቻትም፣ እትዬ።»

«መንገዱም ሌላ ነው?»

«ሌላ ነው። የቴሌቪዥኑ አባት ምን እንደሆነ እኔም አላውቅም።»

ነጠላቸውን አጣፉ። «የሣሉት ሰዎች እንኳ አንድ ቃል አልሆኑም። እኔ የማንን ይዤ እቀመጣለሁ? ወደ አሰብ ጻፍልኝ፣ የባሌን ነገር ልጠይቅ። ማንም እንዲጽፍልኝ ለምኜ አላውቅም፤ መልሱን ፈርቼ ነው።» ትንሽ ሄደው ዞር አሉ። «ያልኩህን ብቻ ነው የምትጽፈው።»

«ያሉኝን ብቻ» አልኩ። ቀልድ አልመጣልኝም።

ማታ እንጽፋለን። ወረቀት ገዝቻለሁ። ለማን ብለን እንደምንልከው ግን ገና አላወቅንም፤ ወደቡ ትልቅ ነው ይባላል።