ብርድ ያጣው ፒካን

ኢየሩስዬ፣ ፖስት ካርዱ ላይ ያለው ሥዕል አዞ ነው፤ እኔ ያየሁት ግን ዛፍ ነው። አጎቴ ጋሽ ካሱ ከብዙ ዓመት በፊት እዚህ ሲቀላ ሰፈር ያለው ግቢያቸው ውስጥ ፒካን የሚባል፣ ለውዝ የመሰለ ፍሬ የሚሰጥ የውጭ ዛፍ ተክለዋል። ሙቀት፣ ጥልቅ አፈርና ብዙ ውሃ ይወዳል፤ ሁሉም እዚህ ሞልቷል። ነገር ግን በየዓመቱ ደህና ብርድ ካላገኘ አያፈራም። ብርዱ ያለው ከላይ ተራራው ላይ፣ ዶርዜ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሙቀቱ አይበቃውም። ጋሽ ካሱ ከዓሣ ነጋዴዎች በረዶ እያመጡ ሥሩ ላይ ሲከምሩ ከረሙ። ዛፉ ዓሣ ዓሣ ሸተተ እንጂ አላፈራም።

ትናንት ተናደው መጥረቢያ አነሱ። ሁለቴ እንደመቱት ላብ አጠመቃቸውና ጥላው ሥር ቁጭ አሉ። ባለቤታቸው እትዬ ወርቄ ውሃ አቀበሏቸውና፣ «ይኼን ቆርጠህ የት ልትቀመጥ ነው?» አሏቸው። ጋሽ ካሱ ቀና ብለው ቅጠሉን ብዙ አዩት። «መጥረቢያውን አስገቢና ወንበር አምጪልኝ» አሉ።

ምሳ እዚያው በላን። የእኛ ደብረ ብርሃን ጠዋት ጠዋት ሣሩ በውርጭ እንደሚነጣ ነገርኳቸው። ጋሽ ካሱ ቀኑብን።

ቦታ አለቀብኝ። እናትሽንና ወንድምሽን ሳምሶንን ሳሚልኝ። ጋሽ ካሱ ደግሞ «ውርጩን ሰላም በይልኝ» ብለዋል።

ሚስጥር